ፕሮግራሙ ሠራ፤ ታዲያ ልክ ነው?



አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ላብ ውስጥ ተቀምጦ ሃያ መስመር ኮድ ይጽፋል። ኮዱን ለማሽኑ የሚተረጉመው ኮምፓይለር አንድም ኤረር ሳያወጣ ሲያልፍለት አጠገቡ ያለውን ጓደኛውን በክርኑ ጎሸም አድርጎ «ሠራ!» ይለዋል። ደስታው ይገባዋል። የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ትምህርት ቁም ነገሩ ግን ቀጥሎ በሚመጣው ጥያቄ ላይ ነው፤ ሠራ፣ ታዲያ ልክ ነው? ልክ መሆኑንስ በምን አወቅህ? ዛሬ የምናገረው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው። አዳራሹ ውስጥ ወላጆችም፣ ዘንድሮ የሚመዘገቡ ተማሪዎችም፣ ከኮምፒውተር ጋር እምብዛም የማትተዋወቁ እንግዶችም ስላላችሁ፣ ነገሩን ሁላችንም ከምናውቀው ከቀን መቁጠሪያችን ጋር አያይዤ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የኮርሱ ዝርዝር ሲታይ አያስፈራም። ቫሪያብል አለ፤ ስም የወጣለት፣ ዋጋ የሚቀመጥበት የማስታወሻ ቦታ ነው። ኢፍ አለ፤ ሁኔታው እውነት ከሆነ ይህን አድርግ፣ ካልሆነ ያንን አድርግ የሚል ትእዛዝ ነው። ሉፕ ሥራን ይደጋግማል፤ አሬይ ብዙ ዋጋዎችን በተራ ቁጥር ይደረድራል፤ ፋንክሽን ደግሞ አንድን ሥራ ስም ሰጥቶ ለብቻው ያስቀምጣል። ትርጉማቸውን ማንበብ ብቻ ከሆነ ሳምንት አይፈጅም። ታዲያ ይህ ኮርስ ብዙ ተማሪ የሚጥለው ለምንድን ነው?

ችግሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ማይክል ማክራከን የመራው የመምህራን ቡድን፣ በተለያዩ አገሮች በሚገኙ አራት ዩኒቨርሲቲዎች የፕሮግራሚንግ መጀመሪያ ኮርሶችን ያጠናቀቁ ተማሪዎችን ፈትኖ ነበር። የተጠየቁት የሒሳብ ማሽን የሚመስል ትንሽ ፕሮግራም እንዲጽፉ ነው። አማካይ ውጤታቸው ከ110 ነጥብ 23 እንኳ አልሞላም። በጊዜው ብዙዎች ምክንያቱን ለተማሪዎቹ የችግር አፈታት ድክመት ሰጡት። ከሦስት ዓመት በኋላ በሬይመንድ ሊስተር የተመራ ሌላ ቡድን በሰባት አገሮች ያሉ ተማሪዎችን ሰብስቦ ጥያቄውን አቀለለው፤ ጻፉ አላላቸውም፣ አንብቡ አላቸው። አጭር ኮድ ሰጥቶ «ይህ ሲሄድ ምን ያወጣል?» ብሎ ጠየቀ። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ይህንንም በእርግጠኝነት መመለስ አቃታቸው።

ይህ ሁለተኛው ግኝት ከመጀመሪያው ይበልጥ ያሳስበኛል። አንድ ሰው የጻፈውን ኮድ መስመር በመስመር ተከትሎ «እዚህ ላይ የዚህ ቫሪያብል ዋጋ 7 ነው፤ ቀጥሎ 3 ይሆናል» ማለት ካልቻለ፣ ፕሮግራም እየጻፈ አይደለም፤ እየገመተ ነው። ውጤቱ ሲበላሽ አንዱን ምልክት በሌላ ይለውጣል፣ እንደገና ያስኬዳል፣ አሁንም ይለውጣል። አንዳንዴ ይሳካለታል። ለምን እንደተሳካለት ግን አያውቅም። ስለዚህ በእኔ አስተያየት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተማሪ ከሚጽፈው ኮድ ይልቅ በወረቀት ላይ ትሬስ የሚያደርገው ኮድ መብለጥ አለበት። ሰንጠረዥ ያሰምራል፤ ለእያንዳንዱ ቫሪያብል አንድ ዓምድ ይሰጣል፤ የማስኬጃውን ቁልፍ ከመጫኑ በፊት መልሱን ጽፎ ያስቀምጣል።

ለዚህ ልምምድ የውጭ መጽሐፍት የባንክ ወለድን ወይም የሙቀት መለኪያ ልወጣን ምሳሌ ያደርጋሉ። ክፋት የለውም። ነገር ግን ከእነዚህ የሚበልጥ፣ መልሱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ጋር ሊመሳከር የሚችል ምሳሌ በእጃችን አለ፤ ባሕረ ሐሳብ። በትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ የሚሰጠው ይህ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን ማውጫ ቀመር ማካፈል፣ ቀሪ መያዝ፣ ማወዳደርና ከሰንጠረዥ ማንበብ ብቻ ነው። የአንድ መንፈቅ ኮርስ ሙሉ ይዘት ማለት ይቻላል። የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ በቃሉ ይሠራዋል፤ የእኛ ተማሪ ደግሞ ማሽን እንዲሠራው ማስተማር ይኖርበታል።

እስቲ 2018ን አብረን ትሬስ እናድርግ። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለም 7518 ይሆናል። ይህ በ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል። 1879 መጠነ ራብዒት ነው፤ ቀሪው 2 ደግሞ ዘመኑ ማርቆስ መሆኑን ይነግረናል። 7518 እና 1879 ሲደመሩ 9397 ይሆናሉ፤ በ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ቀሪው 0 ከሆነ ሰኞ፣ 1 ከሆነ ማክሰኞ እያልን ስንቆጥር 3 ሐሙስ ነው። መስከረም 1 ቀን 2018 የዋለውም ሐሙስ ነው። አሁን ወደ ጾመ ነነዌ እንሂድ። 7518 በ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ይህ መደብ ይባላል። አንድ ሲቀነስለት ወንበሩ 12 ይሆናል። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ፣ አበቅቴው 12፤ 12 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መምጣት አለባቸው፤ መጥተዋል። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ነው፤ ቢያንስ ኖሮ በጥቅምት ይውል ነበር። መስከረም 18 እሑድ ነው፤ ለየዕለቱ የተመደበው ተደማሪ ቁጥር ተውሳክ ይባላል፣ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18 እና 7፣ 25 ይሆናሉ። ይህ ድምር መባጃ ሐመር ይባላል፤ ነነዌም ጥር 25 ቀን። ፋሲካ ከዚያ በ69ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 4 ይውላል።

ወደ ኮድ ሲገለበጥ ቀላል ነው። በ4፣ በ7፣ በ19 እና በ30 ማካፈል አለ፤ ቀሪውን የፐርሰንት ምልክት ያወጣዋል። መስከረም ወይስ ጥቅምት የሚለው አንድ ኢፍ ነው። የቀናቱ ተውሳክ፣ ከቅዳሜ 8 ጀምሮ እስከ ዓርብ 2 ድረስ የሚወርደው፣ ሰባት ቦታ ያለው አሬይ ነው። ብርቱ ተማሪ በአንድ የላብ ክፍለ ጊዜ ይጨርሰዋል። 2018ን ያስገባል፣ ጥር 25 ይወጣል፣ ከቀን መቁጠሪያው ጋር ይስማማል። 2017ንና 2016ንም ይሞክራል፤ ልክ ነው። «ሠራ!»

እዚህ ላይ ነው መምህሩ «2005ን አስገባ» ማለት ያለበት።

በ2005 ዓመተ ዓለሙ 7505 ነው፤ ይህም ለ19 ያለ ቀሪ ይካፈላል። መደቡ 0 ሆነ። ተማሪው እንደተማረው አንድ ሲቀንስ ወንበሩ ከዜሮ በታች አንድ ወረደ። ሊቃውንቱ ይህን አስቀድመው አስበውበታል፤ መደቡ ዜሮ ሲሆን ወንበሩ 18 ነው፣ መጥቅዑም 12 ይሆናል ይላሉ። የተማሪው ፕሮግራም ግን ይህን አልተነገረውም። ቀጥሎ የሚሆነው በየትኛው ቋንቋ እንደተጻፈ ይለያያል።

ፕሮግራሙ በሲ ፕላስ ፕላስ ከተጻፈ፣ ያ ቋንቋ የአሉታዊ ቁጥርን ቀሪ አሉታዊ አድርጎ ስለሚተው መጥቅዑ አሉታዊ 19 ይወጣል። አሉታዊ 19 ከ14 ስለሚያንስ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት አሉታዊ 19 ይሆናል። ይህን ያየ ማንም ሰው ስሕተት እንዳለ ይገባዋል። በፓይተን ከተጻፈ ግን ቋንቋው አካፋዩ አዎንታዊ ከሆነ ቀሪውን ሁልጊዜ ወደ አዎንታዊ ስለሚመልሰው መጥቅዑ 11 ይሆናል። ጥቅምት 11፤ ምንም የማያጠራጥር ቀን። አበቅቴው 19 ይወጣል፤ 11 እና 19 ሲደመሩ 30፤ ጥንታዊው ማመሳከሪያም አለፈ። ተውሳኩ ተደምሮ ነነዌ የካቲት 18 ይላል፤ እውነተኛውም የካቲት 18 ነበር! ምክንያቱም ጥቅምት 11 ቀን 2005 እሑድ ነው፤ ተውሳኩ 7። ትክክለኛው ጥቅምት 12 ደግሞ ሰኞ ነው፤ ተውሳኩ 6። ሁለቱም 18 ይሆናሉ። አንድ ቀን የተሳሳተው መጥቅዕ በተውሳኩ ተካካሰ።

ይህ ፕሮግራም በ1986 ቢሞከር ልክ ነው። በ2024 ይሞከር፤ ልክ ይሆናል። በ2043 ግን ይወድቃል። በዚያ ዓመት ጥቅምት 12 ቅዳሜ ይውላል፤ ተውሳኩ 8፣ መባጃ ሐመሩ 20፣ ነነዌ የካቲት 20። የተሳሳተው ፕሮግራም ግን ጥቅምት 11ን ዓርብ ብሎ፣ ተውሳኩን 2 ይዞ፣ ነነዌን የካቲት 13 ያደርገዋል። የካቲት 13ም ሰኞ ስለሆነ «ነነዌ ሰኞ ይውላል» የሚለው ማረጋገጫ እንኳ አይይዘውም። ዐቢይ ጾም በሳምንት ቀድሞ ይገባል፤ ፋሲካ ሚያዝያ 29 መሆኑ ቀርቶ ሚያዝያ 22 ይታተማል። ኮዱን የጻፈው ልጅ ያኔ ተመርቆ ምናልባትም የልጅ ልጅ ሊያይ ደርሷል።

ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱት ይህን ለመማር ነው። ሴሚኮለን የት እንደሚገባ ኮምፓይለሩ ራሱ ይናገራል። የማይናገረው መደቡ ዜሮ ሲሆን ምን እንደሚሆን ነው። ዜሮ፣ የመጨረሻው ቁጥር፣ ባዶ ዝርዝር፣ ጳጉሜን 6፤ እነዚህ ዳር ዳር ያሉ ነገሮች ፕሮግራም የሚፈተንባቸው ናቸው። ከላይ ካልኩት ጎን ለጎን ተማሪው 2006ንም ቢያስገባ ሌላ ነገር ያገኛል። መደቡ 1፣ ወንበሩ 0፣ መጥቅዑም 0 ይሆናል፤ ፕሮግራሙ «ጥቅምት 0» ብሎ ያትማል። በሥርዓቱ መጥቅዑ 30፣ ቀኑም መስከረም 30 ነው። እዚህም ነነዌ በአጋጣሚ ልክ ይመጣል፤ የካቲት 3። ውጤቱን ብቻ አይቶ የሚያርም መምህር ለሁለቱም ሙሉ ነጥብ ይሰጣል።

ለመሆኑ የትኛው ቋንቋ ይሻላል? ይህ ክርክር በየትምህርት ክፍሉ አያልቅም። በአገራችን ለረጅም ጊዜ ሲ ፕላስ ፕላስ የመጀመሪያው ቋንቋ ሆኖ ቆይቷል፤ አሁን አሁን ፓይተን እየገባ ነው። ከላይ ባየነው ምሳሌ ሲ ፕላስ ፕላስ ስሕተቱን አጋልጧል፣ ፓይተን ሸፍኖታል። በዚህ ብቻ ግን አትፍረዱ። ያው ባሕረ ሐሳብ ተገላቢጦሹንም ያሳያል። የ2017ን መጠነ ራብዒት ለማግኘት 7517 በ4 ሲካፈል፣ ሲ ፕላስ ፕላስ ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ስላየ 1879 ብሎ ክፍልፋዩን ይጥለዋል። ተማሪው ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ልክ ይሆንለታል። በፓይተን ተራውን የማካፈያ ምልክት ከተጠቀመ 1879.25 ይመጣል፤ በመጨረሻ የመስከረም 1 ዕለት ቀሪ 2.25 ይሆናል። እንዲህ ያለ ዕለት የለም። ተማሪው ቆሞ ለማሰብ ይገደዳል፤ ሙሉ ቁጥር የሚያወጣ ሌላ የማካፈያ ምልክት መኖሩንም ይማራል። ሁለቱም ቋንቋዎች አንዱን ገልጠው ሌላውን ይደብቃሉ። እኔ ለጀማሪ ፓይተንን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴ ግን ሥነ ልቦናዊ ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ አንድ የተረሳ ቅንፍ ሃያ መስመር የኤረር መልእክት ያፈሳል። ልጁ የሚያነበው በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው ነው፤ ከመጀመሪያው በቀር ሌሎቹ አብዛኞቹ የመጀመሪያው ውጤቶች መሆናቸውን እስኪረዳ ድረስ ተስፋ ይቆርጣል። መድኃኒቱ አጭር ነው፤ የመጀመሪያውን ብቻ አርም፣ እንደገና ኮምፓይል አድርግ። ሆኖም ይህን የሚነግረው ሰው አጠገቡ ካልኖረ ከየት ያውቀዋል?

ፓይተን ሌላ የማይጠበቅ ጥቅም አለው። ከሦስተኛው እትሙ ጀምሮ የቫሪያብል ስም በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይፈቅዳል። ኢፍና ሉፑ እንግሊዝኛ ሆነው ይቀራሉ እንጂ «ወንበር»፣ «አበቅቴ»፣ «መጥቅዕ» እንዳሉ ኮዱ ውስጥ ገብተው ይሠራሉ። ለሥራ ዓለም የሚመከር አይደለም፤ ነገ የሥራ ባልደረባው ግዕዝ የማያነብ ሊሆን ይችላልና። ለመጀመሪያው ወር ግን ልጁ ከቋንቋው ጋር ሳይሆን ከሐሳቡ ጋር እንዲታገል ይረዳዋል።

ስለ ወረቀት ፈተናም አንድ ነገር ልበል፤ ተማሪዎች የሚያጉረመርሙበት ነውና። «በዚህ ዘመን ኮድ በእስክሪብቶ ያስጽፉናል» ይላሉ። ግማሹ ቅሬታቸው እውነት ነው። ተማሪው ሴሚኮለን ስለረሳ ነጥብ የሚቀንስ መምህር ማሽን የሚሠራውን ሥራ እየሠራ ነው። ግማሹ ግን ትክክል አይደለም። «ይህ ኮድ ምን ያወጣል? በየትኛው ግቤት ይሳሳታል?» የሚሉት ጥያቄዎች ከወረቀት የተሻለ ቦታ የላቸውም፤ ማሽን ፊት ከቀረቡ ተማሪው ቁልፉን ተጭኖ መልሱን ያነባል። በዚያ ላይ በብዙ ላቦች አንድ ኮምፒውተር ለሁለት ለሦስት ተማሪ ነው፤ ኪቦርዱን የያዘው ይማራል፣ ሌላው ያያል። ወረቀት ግን ለሁሉም ይዳረሳል።

አሁን ወደማይቀረው ጥያቄ ልምጣ። ከኅዳር 2015 ወዲህ፣ ቻትጂፒቲ ከወጣ ጀምሮ፣ ይህን ሁሉ ኮድ የሚጽፍ መሣሪያ በእያንዳንዱ ተማሪ ስልክ ውስጥ አለ። አሳይንመንቱ ማታ ይላካል፣ ጧት ተሠርቶ ይመጣል፤ መምህሩም ያውቃል፣ ተማሪውም መምህሩ እንደሚያውቅ ያውቃል። ዩኒቨርሲቲ ያልገቡትም ቢሆኑ በ2016 መገባደጃ ከተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ጋር በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በስልካቸው መማር ችለዋል። ታዲያ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለምን?

መሣሪያውን መከልከል የሚቻል አይመስለኝም፤ በሁሉም ቦታ የሚጠቅምም አይደለም። የእንግሊዝኛውን የኤረር መልእክት በአማርኛ እንዲያብራራለት የሚጠይቅ ተማሪ ጥሩ ሥራ እየሠራ ነው፤ ሌሊት ዶርም ውስጥ የሚጠይቀው ረዳት መምህር የለውምና። ኮዱን ሙሉ በሙሉ አስጽፎ የሚያስረክበው ግን ከሊስተር ጥናት ተማሪዎች የባሰ ቦታ ላይ ነው። ማንበብ የማይችለውን ነገር ፈርሞ እየሰጠ ነው። የባሕረ ሐሳቡ ፕሮግራም ማሽን ጽፎት ልክ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የ2043ን ስሕተት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ልዩነቱን የሚያውቀው፣ መደቡ ዜሮ ሲሆንስ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መንፈቅ በእጅ ይሠራ፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያው ይፈቀድ። ምዘናውም ኮዱን በመሰብሰብ አይቁም፤ ተማሪው ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ከራሱ ኮድ አንዲት መስመር ለውጠንበት ውጤቱን በቃል ይናገር። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ክፍሉ ውስጥ ሰማንያ ተማሪ ሲኖር አምስት ደቂቃው ስንት ሰዓት እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ ሰማንያ ተመሳሳይ ፋይል ከማረም ይሻላል።

ስለ ማረጋገጥ አንድ የመጨረሻ ነገር ልጨምር። አብዛኛውን ፕሮግራም በሁሉም ግቤት መሞከር አይቻልም፤ ግቤቱ ማለቂያ የለውም። ባሕረ ሐሳብ ግን እዚህም ለመምህር የተመቸ ነው። 19 በ28 ሲባዛ 532 ነው፤ ይህም ዐቢይ ቀመር የሚባለው ዙር ነው። በ532 ዓመት ውስጥ የዕለቱም የጨረቃውም ዑደት ተሟልቶ ከዚያ በኋላ ሁሉም ይደገማል። ስለዚህ አንድ ሉፕ 532 ጊዜ ቢዞር ሊመጣ የሚችለው ሁኔታ በሙሉ ተፈተሸ ማለት ነው። የስልክ ኮምፒውተር እንኳ ዓይን ሳይጨፈን ይጨርሰዋል። ሁለት ተማሪዎች በፓይተን ለየብቻ ይጻፉ፤ አንዱ የዜሮውን ነገር ያሰበ፣ ሌላው ያላሰበ። ፕሮግራሞቻቸው ጎን ለጎን ሄደው የነነዌን ቀን ያወዳድሩ። መደቡ ዜሮ የሚሆንባቸው 28 ዓመታት ናቸው፤ የሚለያዩት ግን በአራቱ ብቻ ነው። ከ532 አራት!

ማረሚያውን ሁለት ዓይነት ተማሪ ሁለት ዓይነት ይጽፈዋል። አንዱ ኢፍ ያስገባል፤ መደቡ 0 ከሆነ ወንበሩ 18 ይሁን፣ አለዚያ ከመደቡ 1 ይቀነስ። ሌላው ብልጥ ነው፤ አንድ ከመቀነስ ይልቅ 18 ደምሮ በ19 ይገድፋል፤ ኢፍ ሳያስፈልገው ለሁሉም መደብ ልክ ይመጣል። ክፍል ውስጥ ጭብጨባው ለሁለተኛው ነው። እኔ ለጀማሪ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ከስድስት ወር በኋላ ኮዱን የሚከፍት ሰው 18 ለምን እንደተደመረ ለማወቅ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ ኢፉን ግን አንብቦ ያልፈዋል። ሁለተኛውን የመረጠ ተማሪ ከመስመሩ በላይ አንድ ማብራሪያ በአማርኛ ይጻፍበትና ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ።